ሁለት እህቶች፣ አራት ስሞች፣ አንድ የስልክ ጥሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኔና እህቴ የልጆች ልብስ ሰፍተን ልንሸጥ ነው። ማሽኑ ተገዝቷል፣ ጨርቁም ተመርጧል፤ ስሙ ግን ሦስት ወር አንከራተተን። እጃችን ላይ አራት አሉ፦ ‹ምርጥ የልጆች ልብስ›፣ ከሁለታችን ስም መጀመሪያ ቆርጠን የገጣጠምነው ቃል፣ ‹ሰፊ›፣ እና ወንድማችን ያመጣው የአንድ ታዋቂ የስፖርት ልብስ ድርጅት ስም አንድ ፊደሉ ተቀይሮ። የትኛውን እንምረጥ? ስሙስ የምንሠራውን መናገር አለበት ወይ?»

ሰላም እህቶቼ፤

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ለሰው ልጅ ይሆናል። የንግድን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ታፔላ ሠሪው «ዛሬ ካልነገራችሁኝ ለነገ አልደርስም» ብሎ ሲያጣድፈው። ሦስት ወር መንከራተታችሁን እንደ ድክመት አትቁጠሩት። በኋላ ስም ለማስቀየር እኔ ዘንድ የሚመጡት የቸኮሉት ናቸው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ከአራቱ አንዱንም አልመርጥም። «ሰፊ» ግን የምትፈልጉት ነገር አጠገብ መድረሳችሁን ያሳያል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ሁለተኛውን ጥያቄ። የለበትም። «የልጆች ልብስ» የሚለውን ከስሙ ሥር በትንሹ ትጽፉታላችሁ፤ ፎቶውም፣ የተሰቀለው ቀሚስም ይናገረዋል። ስሙ የተቀጠረው ለሌላ ሥራ ነው። አንዲት እናት ለጓደኛዋ አንዴ ስትነግራት፣ ጓደኛዋ ሰምታ፣ በልቧ ይዛ፣ ማታ ቤቷ ገብታ ፈልጋ እናንተን ታገኛለች ወይ? ሌላ ሰው ሳይሆን እናንተን? ይህን ካደረገ ስሙ ደመወዙን በልቷል።

«ምርጥ የልጆች ልብስ» እዚህ ላይ ይወድቃል። ጓደኛዋ ብትፈልገው በዓለም ላይ ምርጥ የልጆች ልብስ አለኝ የሚል ሁሉ ይደረደርላታል። ሕጉም አይወደውም። የንግድ ምልክት ሕግ በአብዛኛው አገር የሚጠይቀው ስሙ የእናንተን ዕቃ ከሌላው ዕቃ ይለያል ወይ የሚለውን ነው። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1976 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ስሞችን በደረጃ አስቀምጧቸዋል፤ የሙያው ሰዎች ዛሬም በዚያ መሰላል እንጠቀማለን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ከታች የዕቃው የራሱ መጠሪያ አለ፤ ልብስን «ልብስ» ብሎ የግሉ ማድረግ ለማንም አይፈቀድም። ከእሱ በላይ ገላጭ ቃል አለ፦ «ምርጥ»፣ «ለስላሳ»፣ «የልጆች»። ይህ ብቻውን ደካማ ነው፤ ጥበቃ የሚያገኘው ሕዝቡ ከአንድ ነጋዴ ጋር ብቻ አያይዞ ሲያውቀው ነው፣ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ከፍ ሲል ነገሩን በቀጥታ ሳይናገር የሚጠቁም ቃል ይመጣል። ከዚያ በላይ ከዕቃው ጋር ምንም የማይገናኝ የታወቀ ቃል፣ ለምሳሌ ለኮምፒውተር «አፕል»። ጫፍ ላይ ከባዶ የተፈጠረ ቃል ይቀመጣል።

ጫፍ ላይ ላለው ጥሩው ምሳሌ የካሜራው ስም «ኮዳክ» ነው። የድርጅቱ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ሲያስመዘግበው ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም አልነበረውም። ‹ኬ› የምትባለዋን ፊደል ስለሚወዳት ከፊትም ከኋላም አስገባት። የፈለገው ስሙ አጭር እንዲሆን፣ ሰው ሲጠራው እንዳይሳሳት፣ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታ ነበር፤ ትርጉሙን ካሜራው ሰጠው። ለእናንተ ግን ይህን አልመክርም። ባዶ ቃል እንደ ባዶ ማሰሮ ነው፣ ለመሙላት የማስታወቂያ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለት ሰው የሚያንቀሳቅሰው ሥራ የሚያዋጣው መሃል ላይ ነው፦ ሲሰሙት የልጅ ነገር የሚሸትበት፣ ግን «የልጆች ልብስ» የማይል።

የሁለታችሁ ስም ግጥምጥም ላይ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር የሚባሉ ጀርመናዊ ወንድማማቾች አብረው ጫማ ይሠሩ ነበር፤ ድርጅታቸውም የዳስለር ወንድማማቾች ይባል ነበር። በ1948 ተጣልተው ሲለያዩ ያ ስም ለአንዳቸውም ሊሆን አልቻለም። ሩዶልፍ ከስሙና ከአባቱ ስም ቆርጦ «ሩዳ» ብሎ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተወውና «ፑማ» አለው። አዶልፍ ደግሞ ቤት ከሚጠራበት «አዲ» እና ከ«ዳስለር» መጀመሪያ «አዲዳስ»ን ሠርቶ በ1949 አስመዘገበ። እናንተ ትጣላላችሁ አላልኩም። አንዷ ርቃ ብትሄድስ? ሦስተኛ ሰው ብትጨምሩስ? ስሙ ላይ ያልተገኘ ሰው ሁልጊዜ እንግዳ ነው፤ የሄደውም ከስሙ ላይ አይፋቅም።

እርግጥ የተሳካላቸውም አሉ። የስዊድኑ የቤት ዕቃ ድርጅት «ኢኬያ» ስሙ በ1943 የተሠራው ከመሥራቹ ስም፣ ከአባቱ ስም፣ ካደገበት እርሻና ከአካባቢው ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ነው። ዛሬም ግን ስዊድናዊውና አሜሪካዊው እኩል አይጠሩትም። የፊደል ግጥምጥም ጉዳቱ ይህ ነው፣ የወጣው ለአፍ ተብሎ አይደለም። የእናንተን ቃል ስላልጻፋችሁልኝ ልፈርድበት አልችልም፤ ለማያውቃችሁ ሰው አንብቡለትና «ምን ይመስልሃል?» በሉት። «የመድኃኒት ስም ነው?» ካለ ተዉት። ብዙ ጊዜ የሚሉት እሱን ነው።

የወንድማችሁን ነገር ባጭሩ፦ አመስግኑልኝና ተዉት። ሁለት ስም ሲወዳደር ፊደል አይቆጠርም፤ ለዓይን፣ ለጆሮና ለሐሳብ ምን ያህል እንደሚቀራረቡና ገዢው ሊምታታ መቻሉ ነው የሚታየው። ታዋቂ ስም ደግሞ በብዙ አገር ከራሱ የሥራ መስክ ውጭም ይጠበቃል። ድርጅቱ ባያገኛችሁ እንኳ የራሳችሁ ደንበኛ «አስመስለው የሠሩት ነው» ይላችኋል። በእጃችሁ የሰፋችሁትን ልብስ በገዛ ስማችሁ ቅጂ ታስብሉታላችሁ።

አሁን «ሰፊ»።

ያወጣችው ከሁለታችሁ የትኛዋ እንደሆነች ባላውቅም ጆሮዋ የሰላ ነው። ጠብቆ ሲነበብ ስፋት ያለው፤ ላልቶ ሲነበብ የሚሰፋ ሰው። ሰምና ወርቅ በሁለት ፊደል። ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ልብሱ ሰፋ ተደርጎ እንደሚገዛለትም ጨምሩበት። ወረቀት ላይ ሳየው ፈገግ አልኩ።

ችግሩ ቅኔው የሚኖረው ወረቀት ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ አፍ ግን የግድ አንዱን መምረጥ አለበት። ስለዚህ ግማሹ ደንበኛ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይጠራችኋል፤ በተጠራ ቁጥርም ወይ ሰሙ ወይ ወርቁ ይጠፋል። በሕግ በኩል ደግሞ ከሁለቱም ወገን ተመትቷል። ላልቶ ሲነበብ የሙያው መጠሪያ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ ሰፊ ነው። ጠብቆ ሲነበብ የልብሱን ልክ ይገልጻል።

በዚያ ላይ ስልክ አለ። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (የድምፅ ንዝረት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው፤ የ‹ስ› እና የ‹ፍ› ልዩነት የሚሰማው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ፉጨት ነው። በስልክ ስም ስትናገሩ «በሰላም ሰ ነው ወይስ በፋሲካ ፈ?» የምትባሉት ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ሰፋ ያለ ድምፅ ያስተላልፋሉ፤ መስመሩ ሲደክም ግን እዚያው እንመለሳለን። «ሰፊ» የተሠራው ከእነዚሁ ከሁለቱ ድምፆች ነው፤ ስልክ የሚበላቸውን ሁለት ድምፆች ፈልጋችሁ ያገናኛችሁ ነው የሚመስለው።

ይህ ቀልድ አይደለም። ጄፍ ቤዞስ በ1994 ኩባንያውን መጀመሪያ ያስመዘገበው «ካዳብራ» በሚል ስም ነበር። ጠበቃው በስልክ ሲሰማው «ካዳቨር» መሰለው፤ በእንግሊዝኛ ሬሳ ማለት ነው። በኋላ ስሙ ተቀይሮ አማዞን ሆነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና የስልክ ጥሪ ነው። አንዳችሁ ማሽኑን አስነሱት፣ ሌላዋ ከአጠገቡ ቆማ አሥር ሰው ጋር ትደውል። ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ትናገርና «የሰማኸውን ጽፈህ ላክልኝ» ትበል። መድገም የለም፣ ማብራራት የለም። ሰባቱ ያው አንድ ነገር ከላኩ ስሙ ይኖራል። ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ከመጣ እነዚያ ሦስት ጽሑፎች በሙሉ እናንተን ሲፈልጉ የሚጠፉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ደግሞ በላቲን ፊደል ጽፈው እንዲልኩ ጠይቁ። «ሰፊ» በአንድ ‹ኤፍ› ነው በሁለት? መጨረሻው ‹አይ› ነው ወይስ ድርብ ‹ኢ›?

በራሳችን ፊደልም ወጥመዱ ብዙ ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ»ን ብቻ ውሰዱ፤ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው ‹ሀ› እና ‹ሃ›ን ጨምሮ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፣ ተባዝቶ 12 ይሆናል። አንዱን ታፔላ ላይ ብትጽፉ ሰው በአሥራ አንዱ ሊፈልጋችሁ ይችላል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በሥራው ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ቦርሳ ሠሪ ስም አጣራሁ፤ በእሳቱ ሰ የሚጀምር ነበር። ፈለግሁ፣ የለም። «ነፃ ነው፣ ቀጥል» አልኩት። ታፔላው ተሰቀለ፣ ቆዳው ላይ የሚመታው ማኅተም ተቀረጸ። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ያው ስም፣ ያው የሥራ መስክ፣ በንጉሡ ሠ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሰውየው አልተቆጣኝም፤ ማኅተሙን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። እስካሁን አለ፣ ወረቀት እጫንበታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድን ስም በሚቻለው አጻጻፍ ሁሉ ሳልፈልገው ነፃ ነው አልልም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

አንድ የሰዋስው ነገር ጣል ላድርግ፤ ፈረንጆቹ የጻፉት የስም አወጣጥ ምክር ላይ አታገኙትም። ስማችሁ በ‹የ› አይጀምር። አንድ ጊዜ «የልጄ» የሚል ስም ይዞ የመጣ ሰው ነበረ፤ ሲሰሙት ያምራል። ግን «የልጄ ሱሪ» ሲባል የድርጅቱ ሱሪ ነው ወይስ የገዛ ልጄ? አማርኛ ሁለት ‹የ› ተከትለው ሲመጡ አንዱን ይውጠዋል፣ እናም ስሙ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሟሟል። ለመሞከር ስሙን አምስት ቦታ አስገቡት፦ «ከ… ገዛሁት»፣ «የ… ነው»፣ «… ደወሉልኝ»፣ «ለ… ክፈይ»፣ «… ጋ እንሂድ»። በአምስቱም ሳይሰበር ከቆመ ጥሩ ነው።

እንግዲህ መተቸት ብቻ እንዳይሆንብኝ አንድ ስም ይዤ ከፊታችሁ ልበትነው። «ዳዴ» እንበል። «ዳዴ በል!» ሳይባል ያደገ የለም፤ ስለዚህ ሲሰማ ሕፃን ይታያል፣ ልብስ የሚል ቃል ግን የለበትም። ጠቋሚ የምንለው ይህን ነው። ሁለት ፊደል ነው፣ ሞክሼ ፊደል የለበትም፣ የሚያምታታ መጥበቅ የለበትም፣ ‹ደ› በስልክ ትሰማለች። ድምፁም ለስላሳ ነው። የድምፅ ነገር ተራ ግምት እንዳይመስላችሁ፤ ቮልፍጋንግ ኮህለር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1929 ክብ ቅርፅና ሹል ቅርፅ ይዞ ሰዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ከየትኛው ጋር እንደሚያዛምዱ ጽፏል፤ በ2001 ራማቻንድራንና ሃባርድ «ቡባ» እና «ኪኪ» በሚሉ ቃላት ሲደግሙት አብዛኛው ሰው «ቡባ»ን ለክቡ፣ «ኪኪ»ን ለሹሉ ሰጥቷል። ከዚያ ተነስቼ ለሕፃን ልብስ ‹ጨ› እና ‹ጠ› የተደራረበበትን ስም እሸሻለሁ፤ ለመቀስ አምራች ቢሆን ግን እፈልገዋለሁ።

«ዳዴ» ነውር የለበትም ወይ? አለበት። የአሥር ዓመት ልጅ ኮሌታው ላይ «ዳዴ» ተጽፎ ማየት አይፈልግም፤ እስከ ምን ያህል ዕድሜ ልትሰፉ እንዳሰባችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን መጨረሻዋን ‹ኢ› ውጦ «ዴድ» ወደሚመስል ነገር ሊወስደው ይችላል፤ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሞተ ከሚለው ቃል ብዙም አይርቅም። ወደ ሌላ ቋንቋ የመሻገር ሐሳብ ካላችሁ ያንን ቋንቋ የሚናገር ሰው ጠይቁ። ሚትሱቢሺ «ፓጄሮ» የተባለውን መኪና ስፓኒሽ በሚነገርባቸው ገበያዎች «ሞንቴሮ» ብሎ ይሸጥ የነበረው የመጀመሪያው ስም በስፓኒሽ የብልግና ስድብ ስለሆነ ነው። (የሼቭሮሌት «ኖቫ» በስፓኒሽ «አይሄድም» ማለት ስለሆነ ሳይሸጥ ቀረ የሚለው ታሪክ ግን ተረት ነው፤ መኪናው ሜክሲኮም ቬኔዝዌላም ተሽጧል። የስም አማካሪዎች ተረቱን የምንወደው ስለሚያበላን ነው።)

«ዳዴ»ን ውሰዱት እያልኩ አይደለም፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶት ሊሆን ይችላል። እንደዚህ በትኑት ማለቴ ነው።

ማጣራቱ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት አንድ ነገር አለ። የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በዚህ ስም እነግዳለሁ ብሎ መዝገብ ላይ መስፈር ነው፤ በብዙ አገር ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ልብስ ላይ እንዳይለጥፍ ለመከልከል ብቻውን አይበቃም። መከልከያው ምልክቱ ነው። ምልክት የሚመዘገበው በየአገሩ ነው፣ እንዲሁም በየመደቡ። የኒስ ምደባ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ 45 መደቦች አሉት፣ 34ቱ ለዕቃ፣ 11ዱ ለአገልግሎት። ልብስ 25ኛው ላይ ነው፤ ሰው ጨርቅ አምጥቶ ስፉልኝ የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ልክ ለክቶ መስፋት 40ኛው ውስጥ ይገባል። ፍለጋውን ከአገራችሁ መዝገብ ጀምሩ፤ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅትም የብዙ አገሮችን ምልክቶች በነፃ የሚፈለግበት ገጽ አለው።

ከዚያ ኢንተርኔቱ። የቴሌግራምና የኢንስታግራም መለያ ስም በላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ በተለመደው መንገድ ከአምስት ፊደል ያነሰ አይሰጥም፣ ስለዚህ «ዳዴ» በአራት ፊደል ቢጻፍ የግድ አንድ ቃል ይጨመርበታል። በሁሉም ቦታ ያው አንድ አጻጻፍ ይሁን። አንዱ ጋ በሰረዝ፣ አንዱ ጋ በቁጥር ከሆነ ደንበኛ የትኛው እንደሆናችሁ አያውቅም።

ሁለታችሁም ስሙን ስትሰሙ ልባችሁ ካልዘለለ አትፍሩ። የዛሬው ናይኪ በ1964 ሲጀመር ብሉ ሪበን ስፖርትስ ነበር። በ1971 ለጫማው ስም ሲፈለግ ከመሥራቾቹ አንዱ ፊል ናይት ያሰበው «ዳይሜንሽን ሲክስ» የሚል ነበር፤ «ናይኪ»ን ያመጣው በሕልሙ አየሁት ያለ ሠራተኛው ነው። ናይት ብዙም ሳይወደው፣ ጊዜ ስላለቀበት ተቀበለው። እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ እየረገጡት ይለምዳል።

የመጨረሻው ፈተና በእጃችሁ ያለ ነው። ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊት አንገት ላይ የሚሰፋውን መለያ ጨርቅ ጥቂት ብቻ አስጠልፉ። የሕፃን ልብስ መለያ ጠባብ ነው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። በዚያ ልክ ሲጠለፍ የ‹ጩ› እና የ‹ቋ› ቅጥያዎች በክር ተውጠው ሌላ ፊደል ይመስላሉ፤ ‹ዥ› ከ‹ዝ› አይለይም። አንዱን ካናቴራ ላይ ሰፍታችሁ አሥር ጊዜ እጠቡት፣ ከዚያ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ስጡት።